በእናቴ የማልኩ ሰሞን

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አንገቴን ወደ ግራ ማዞር አልችልም ነበር። ሰው ከግራ በኩል ሲጠራኝ መላ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። የሰፈር ልጆች ይህን እያዩ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ሰሞን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሕመሙ አይደለም፣ ፍርሃቱ ነው። ፍርሃቱም ለራሴ አልነበረም።

የምንኖረው ሮቤ ነበር። እናቴ ከሸዋ ተመድባ የመጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አባቴ የግብርና ባለሙያ ስለነበር ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን የሚውለውም የሚያድረውም በጎሮና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ነው። የተከራየነው ቤት ሃዳ ሙና ግቢ ውስጥ ነበር። ሃዳ ሙና ማለት የሙና እናት ማለት ነው፤ ሌላ ስም እንዳላቸው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እህል የሚነግዱ፣ ግቢ ውስጥ ሲናገሩ ድምፃቸው መንገድ ድረስ የሚሰማ፣ ግን ልጅ ሲታመም ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ። እናቴን «ቲቸር» ይሏታል። ልጃቸው ሙና እኩያዬ ነበረች። አብረን ትምህርት ቤት ሄደን አብረን እንመለሳለን፣ በኦሮምኛ ተጣልተን በአማርኛ እንታረቃለን።

ስለ እናቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበራት። በአራት ዓመቱ በማጅራት ገትር ሞቷል። ስለ እሱ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ነው። ግን እኔ «ራሴን አመመኝ» ካልኩ እናቴ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትመጣለች፤ የተማሪ ደብተር እያረመች ከሆነ ቀዩ እስክሪብቶ መሬት ላይ ሲንከባለል አየዋለሁ። ስለዚህ ገና በልጅነቴ ሕመሜን መደበቅ ለምጄ ነበር።

ጊዜው ስንዴ ተሰብስቦ ያበቃበት ነው። ኮምባይነሮቹ ከእርሻው ወጥተው ጭዱ ወደየግቢው የሚገባበት፣ ከተማው በሙሉ የደረቀ ገለባ የሚሸትበት ሰሞን። ሃዳ ሙና ለላሞቻቸው ያስገቡት ጭድ ከጓሮው ጎተራ አጠገብ እንደ ኮረብታ ተከምሯል። እዚያ ላይ መውጣት ክልክል ነበር። አንድ ዓመት የጎረቤት ልጅ ጭድ ውስጥ የተረሳ መንሽ እግሩን ወግቶት ስለነበር፣ ሃዳ ሙና «ጭዱ ላይ ያገኘኋት ልጅ፣ የኔም ትሁን የቲቸር፣ ወዮላት!» ብለዋል። እናቴም እንዲሁ ብላለች።

እኛ ግን ወጣን። መጀመሪያ ከክምሩ አናት ቁጭ ብለን መንሸራተት ነበር። ቀጥሎ ከጎተራው መሰላል ላይ መዝለል መጣ። ከዚያ ሙና አየር ላይ ተገልብጣ በጀርባዋ ወደቀችና ጭዱ ውስጥ ተቀብራ ስትስቅ፣ እኔም ከእሷ ማነስ አልፈለግሁም። ከፍ ካለው እርከን ዘለልኩ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተገለበጥኩም፤ በጭንቅላቴ አረፍኩ። አንገቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ። ለአፍታ ትንፋሼ ተቋረጠ። ሙና ጎትታ አወጣችኝ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም» አልኩ። ያን ጊዜ ብዙም አላመመኝም ነበር።

ሙና ግን ፊቷ አመድ መስሏል። በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችና «ለማንም አንናገርም። ማይ» አለችኝ።

«ወላሂ በይ» ብትለኝ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ «ማርያምን» ብላት እሷ አታምነኝም። ስለዚህ ሁለታችንንም የሚይዝ መሐላ ፈለግን። እጃችንን ተያይዘን፣ ፀጉራችን ላይ ጭድ እንደተሰካ፣ «ለሰው ብናገር እናቴ ትሙት» ተባባልን። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥዬ እኔ።

ማታ ጉንፋን ቢጤ ጀማመረኝ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ አንገቴ አልነሳ አለ። ወደ ቀኝ ያጋደለ ጭንቅላቴን ቀና ለማድረግ ስሞክር ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ የሚሰነጥቅ ሕመም ያዘኝና ጮህኩ።

እናቴ የያዘችውን ሻሽ ለቀቀችው። «ቀና በይ እስቲ። አገጭሽን ወደ ደረትሽ አድርጊ እስቲ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«አልችልም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ነው። ሃዳ ሙና ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡ። «ማል ታቴ? ምን ሆነች?» እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች። ሃዳ ሙና አንድ ጊዜ አዩኝና «ያ ረቢ» ብለው ጋሪ ሊያስጠሩ ወጡ። ሙና በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀስ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ጋሪው ወደ መናኸሪያ ሲሄድ እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ ነበር። ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር እኔ አለቅሳለሁ፣ ባለጋሪው ፈረሱን ይይዛል፣ እናቴ ደግሞ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላለች። አንድም ጊዜ ወደ ታች አላየችኝም፤ መንገዱን ብቻ ታይ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣን። ጠዋት ስለነበር ጉሙ ገና አልተነሳም። መስኮቱ ላይ የተጠራቀመው ላብ ሲንጠባጠብ እያየሁ፣ «ብናገር ትሞታለች፣ ብናገር ትሞታለች» እያልኩ ለራሴ ደጋገምኩት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየን ሐኪም ወጣት ነበር፤ በአነጋገሩ የሰሜን ሰው ይመስላል። ሙቀቴን ለካና «ትንሽ ትኩሳት አላት» አለ። እጁን ከጭንቅላቴ ሥር አስገብቶ አገጬን ወደ ደረቴ ሊያስጠጋ ሲሞክር ጮህኩ። ዞር ብሎ እናቴን አያት።

«ወድቃ ነበር?»

«ኧረ አልወደቀችም። ትናንት ደህና ነበረች። ትናንት ማታ ሾርባዋን ጠጥታ ነው የተኛችው።»

«አንቺስ?» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «የሆነ ቦታ ወድቀሽ ነበር? ስትጫወቺ? ተጋጭተሽ?»

እናቴን አየኋት። በጥድፊያ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፤ ስፌቱ በውጭ በኩል ይታያል። እናቴ ተማሪዎቿ ፊት እንዲህ ሆና ቆማ አታውቅም። ደረቷ ሲነሳና ሲወርድ አየሁ። እየተነፈሰች ነው። እኔ አፌን ብከፍት ይህ ትንፋሽ የሚቆም መሰለኝ።

«አልወደቅኩም» አልኩ።

ሐኪሙ እናቴን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ አነጋገራት፤ ግን ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ለማወቅ ከጀርባዋ አጥንት መሐል በመርፌ ውሃ መውሰድ አለብን።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለች እናቴ።

«ከሆነ ሕክምናውን ቶሎ መጀመር አለብን። ብንጠብቅ ለእሷ አደጋ ነው። እርስዎ እዚሁ አጠገቧ ይሆናሉ።»

እናቴ ግድግዳውን ደገፍ አለች። «አንዱን ቀብሬያለሁ» አለች። ለሐኪሙም አልነበረም፣ ለእኔም አልነበረም። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ጊዜ የቻልኩትን ያህል አሰብኩ። መርፌው የሚያመው እኔን ነው። መናገር የሚገድለው እሷን ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። «እማዬ፣ አትፍሪ። መርፌውን እወጋለሁ» አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ ከበሩ ውጭ ስታለቅስ ሰማኋት።

በጎኔ አስተኝተው፣ ጉልበቴን ወደ ሆዴ እንዳጥፍ ነግረውኝ፣ ጀርባዬን በቀዝቃዛ ነገር እየጠረጉ ሳለ ነው ያንን ድምፅ ከኮሪደሩ የሰማሁት።

«ቲቸር! ቲቸር! ቁም በይው! ወድቃ ነው! ከጭድ ላይ ወድቃ ነው!»

ሃዳ ሙና ነበሩ። በአንድ እጃቸው ሙናን ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ገቡ። ሙና አንድ እግሯ ላይ ጫማ የላትም።

በኋላ እንደሰማሁት፣ እኛ ከወጣን በኋላ ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ስለ እኔ ያወሩ ነበር። አንዷ ሴት «እንደ ወንድሟ እንዳትሆን» ስትል ሙና ከበሩ ጀርባ ሰማች። ወጥታ የእናቷን ቀሚስ ያዘችና «ሃርሜ፣ አንቺ ብትሞቺ እኔን ማን ያሳድገኛል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሃርሜ እናቴ ማለት ነው። ሃዳ ሙና ልጃቸው የምታወራው አልገባቸውም። «ምን አልሽ?» ሲሏት ሁሉንም ተናገረች። መሐላውን ብቻ አስቀረች። ሃዳ ሙና ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አላጠፉም፤ እንደቆሙ ይዘዋት ወደ መናኸሪያ ሮጡ።

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ። መጥቶ ፊት ለፊቴ በርከክ አለ።

«እውነቷን ነው?»

ሙናን አየኋት። ፊቷ ላይ እንባና አቧራ ተቀላቅሎ ጥቁር መስመር ሠርቷል። እያመመኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ቀስ አሉ። ሐኪሙ እንደገና መረመረኝ፤ በዚህ ጊዜ በጣቱ ጫፍ የአንገቴን ጎን እየዳሰሰ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ገመድ የጠነከረውን ጅማት አገኘው። «እዚህ ነው?» «እዚህ ነው።» አጥንቱ እንዳልተጎዳ ለማረጋገጥ ራጅ ተነሳሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ አግዳሚው ላይ ከሃዳ ሙና ጎን ተቀምጣ፣ እጇን ሃዳ ሙና ይዘውላት ቆዩ። አጥንቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ትኩሳቱም የጉንፋኑ ሳይሆን አልቀረም ተብሎ እስከ ከሰዓት ድረስ ሲከታተሉኝ ቆዩ፤ ወረደልኝ።

«ጡንቻዋ ነው የተጎዳው» አለ ሐኪሙ። «ማንም እንዳያሻት፣ ማንም እንዳይጠመዝዛት። ወጌሻ ጋ እንዳይወስዷት። ሞቅ ያለ ነገር ያድርጉላት፣ በዝቅተኛ ትራስ ትተኛ። ከሁሉ በላይ ትረፍ። ካስመለሳት ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰ ግን ቶሎ ይምጡ።»

ሃዳ ሙና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ሙና ዞሩ። ቁጣው ያን ጊዜ ነው የመጣው። እስከ ሮቤ ድረስም አላቋረጠም። ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ጭዱ፣ ስለ መንሹና ስለ እኛ ሰማ።

የእናቴ አስታማሚነት የማይረሳ ነበር። ጨው በመጥበሻ አሙቃ በአባቴ ካልሲ ውስጥ ትጨምረዋለች። መጀመሪያ በራሷ ጉንጭ ትለካውና ከዚያ አንገቴ ላይ ታደርገዋለች። ፎጣ ጠቅልላ እንደ አንገት ልብስ ታስርልኛለች። የገብስ ሾርባ ቀና ሳልል እንድጠጣ በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ተማሪዎቿን ለሌላ መምህርት ሰጥታ ሦስት ቀን ቤት ዋለች። ሳትቆጣኝ ቀረች፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው የባሰ አስፈራኝ።

በሁለተኛው ቀን ሙና ልትጠይቀኝ መጣች። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሙና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በሹክሹክታ «ያንቺ እናት አትሞትም» አለችኝ። «አንቺ አልተናገርሽም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። የምትሞተው ሃርሜ ናት።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ቀጥሎ የመጣው ሐፍረት ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ሙና እኔን ለማዳን የእናቷን ነፍስ እንደሰጠች ነበር የምታምነው። ይህን እያመነች ነው የተናገረችው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

«እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ» አልኳት። «መነቅነቅም መናገር ነው።»

ትንሽ አሰበች። «እሱም መናገር ነው» አለች። አብረን ፈራን፤ አብሮ መፍራት ትንሽ ይሻላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂዎች ሆንን። ሙና እናቷን ገበያ ድረስ ትከተላለች፤ እኔ ደግሞ እናቴን ከአልጋዬ ሆኜ እጠብቃለሁ። ጓሮ ወጥታ ከዘገየች ተነስቼ በመስኮት አያታለሁ። ቀን ጋደም ካለች ነጠላዋ ሲነሳና ሲወርድ ለማየት በክርኔ እደገፋለሁ። ካሳላት ልቤ ይቆማል። እንዲያርፍ የተባለው አንገቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበር። ሳምንት ቢያልፍም አልተሻለኝም፤ እንዲያውም ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ወረደ። እናቴ ግራ ገባት። «ለምንድን ነው የማትተኚው?» ትለኛለች። «ሐኪሙ ትረፍ አላለም?» ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። አባቴ ከጎሮ መጥቶ እንደገና ጎባ እንውሰዳት ማለት ጀመረ።

በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ሙና እየሮጠች ገባች። መናገር አቅቷት ታለከልካለች።

«ተኛች» አለች። «ሃርሜ በቀን ተኛች። ፊቷ አብጧል።»

ሃዳ ሙና በቀን ተኝተው አያውቁም። ከአልጋዬ ወረድኩ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ታርም ነበር። ሄጄ እግሯ ሥር ተደፋሁና ሁሉንም አፈሰስኩት፤ መሐላውን፣ መርፌውን፣ መነቅነቄን፣ ነጠላዋን መጠበቄን። «ሃዳ ሙና እየሞቱ ነው፣ ቀጥሎ አንቺ ነሽ» አልኳት።

እናቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «መርፌውን እወጋለሁ ያልሽኝ… ለዚህ ነበር?» አለች።

እጃችንን ይዛ ወደ ሃዳ ሙና ቤት ወሰደችን። ሃዳ ሙና ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው አልጋ ላይ ተጋድመዋል። የመንጋጋ ጥርሳቸው ነበር። እናቴ ቁጭ ብላ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሃዳ ሙና መጀመሪያ ሊስቁ ሞከሩ፤ ጥርሳቸው ጠዘጠዛቸውና ጉንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ሙናን ሲያዩዋት ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ኮቱ» አሏት፤ ነይ ማለት ነው። ሙና ቀረበች። «እኔ ልሞት እንደምችል እያወቅሽ ነው ለጓደኛሽ ብለሽ የተናገርሽው?»

ሙና መሬት መሬት እያየች «አዎ» አለች።

ሃዳ ሙና ስበው ደረታቸው ላይ አደረጓት። «አበጀሽ» አሉ። «አበጀሽ ልጄ። ዳግመኛ ግን በሰው ነፍስ አትማይ። አስተግፊሩላህ በይ።» ሙናም እንደታዘዘችው አላህን ምሕረት ለመነች። ቀጥለው እናቴን አዩዋት። «ቲቸር፣ አንቺም ፍቻት እንጂ! ይቺ ልጅ በፍርሃት ነው አንገቷ ያልተፈታው።»

እናቴ ጎንበስ አለች። «በእኔ ነው የማልሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የምፈታሽም እኔ ነኝ። ፈትቼሻለሁ። አልሞትም። አሁን ሄደሽ ተኚ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። በቀጣዮቹ ቀናት አንገቴ ትንሽ በትንሽ ላላ። አንድ ጠዋት እናቴ ከግራ በኩል ስትጠራኝ ሳላስበው ዞርኩ።

ሃዳ ሙና ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ነው ያረፉት። ሙና የእናቷን የእህል ንግድ ይዛ እዚያው ሮቤ አለች። እኔም ለትምህርት ከሄድኩበት ተመልሼ ከተማው ውስጥ ባለው ዩኒቨርሲቲ እሠራለሁ፤ እናቴ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ባለፈው ወር አሥር ዓመት የሆነው ልጄ ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወት ጭኑን ተጎዳ። ከመምህሩ ስልክ ተደወለልኝ፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክሊኒክ ደረስን። ልጄ ለሐኪሟ ሁሉንም በዝርዝር ነገራት፤ እንዴት እንደሮጠ፣ የትኛው እግሩ እንደቀደመ፣ ማን እንደጠለፈው። የደበቀው ነገር አልነበረም። ጡንቻ ነው፣ በረዶ አድርጉለት፣ ለጥቂት ቀን አይሩጥ ተባልን፤ አለቀ። ልጄ ሰው ፊት ሳይፈራ መናገሩን ሳይ ቀናሁ፤ ደስም አለኝ። ዛሬ ብዙ ነገር ቀሏል።

ቤት ገብተን ሶፋው ላይ አስተኛሁት፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኑ ላይ አደረግሁለት፣ ጠረጴዛው ላይ ወደተውኩት ሥራዬ ተመለስኩ። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። እየተነሳሁ እሄዳለሁ፣ ግንባሩን እዳብሳለሁ፣ እመለሳለሁ። በአራተኛው ጊዜ ይመስለኛል፣ ልጄ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «እማዬ፣ የተጎዳው እኮ ጭኔ ነው። ግንባሬን ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው ብዬ እጄን አነሳሁ። እናቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ስታየኝ ነበር። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጉልበቷን ይዛ መጣችና እሷም በተራዋ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።